የአራተኛው ክፍል ሦስት መብራቶች

የኢንጂነር ዓብዲ አስከሬን ከአራተኛው ቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ደጅ ሲጋደም ቅንድቡ ላይ በረዶ ነበረበት። ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ 1964 ዓ.ም.፣ ከተማው ድሬዳዋ ነው። ገና በጠዋቱ የመጋዘኑ ቆርቆሮ በእጅ የሚነካ አልነበረም። በረዶው ቀልጦ በሟቹ ጉንጭ ላይ መውረድ ሲጀምር ዘበኞቹ ሸራ ፈልገው ሸፈኑት።

ኩባንያው ሥጋና ፍራፍሬ እያቀዘቀዘ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይልካል። አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛውና ሁለተኛው የፍራፍሬ ናቸው፤ ሙቀታቸው ምንጊዜም ከዜሮ በላይ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የሥጋ ናቸው፤ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ ላይ ይቆያሉ። አራተኛው ግን በዋዜማው ለእጥበት ባዶ ተደርጎ ሙቀቱ ወደ ስድስት ዲግሪ ከፍ ብሎ ነበር። የቴክኒክ ኃላፊው ዓብዲ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እጥበቱን ለማየት ገባ። ከበስተኋላው አንድ ሰው የብረቱን መቀርቀሪያ ጣለበት። ከዚያም ያው ሰው ክፍሉን ወደ ብርድ መለሰው።

በስድስት ዲግሪ ውስጥ ያደረ ሰው ተንቀጥቅጦና ተሳድቦ ጠዋት ይወጣል። ዓብዲ ግን በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነበር፤ ብርዱም አላቆመም። ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት ሲሠራ አድሮ ሞተሩ ነደደ። ዘበኞቹ ጭሱን አይተው ሮጡ። መቀርቀሪያው በቦታው እንዳለ ነው ያገኙት። ሲከፍቱት ዓብዲ በሩ ሥር ነበር።

ቀመር ዒጋል የመጣችው ለሞተሩ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በሂሳብ ከተመረቀች ወዲህ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ የጉዳት መርማሪ ሆና ትሠራለች። እስከዚያ ቀን የመረመረችው ግመል የገጩ የጭነት መኪኖችና ዝናብ የመታው ስኳር ነበር። ሟቹ ኢንሹራንስ አልነበረውም፤ ሞተሩ ነበረው። ይህን ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ኢስሃቅ ስትነግረው አላፈረችም፤ እሱም አልከፋውም። እንዲያውም ዋናውን ጥያቄ ወዲያው አነሳ፤ ትከፍላላችሁ ወይ?

«ማን እንዳቃጠለው ሳላውቅ አልመልስም» አለች።

ሻምበል ዲሪዬ ከአስከሬኑ ራስጌ ሆኖ ሰማት። ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ነገሩን ቀድሞ የጨረሰ የፖሊስ መኮንን ነው። ስሟን ጠየቀና ሳቀ። ቀመር የምትባል የሂሳብ ምሩቅ በማግኘቱ ደስ አለው።

«በአረብኛ ጨረቃ ማለት ነው» አለች፤ ይህን ስንት ጊዜ እንዳለችው ራሷም አታውቅም። «ሞተሩን ማን አቃጠለው?»

«ቢሌ። ሰውየውንም ሞተሩንም። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐረር ይወጣል።»

ምክንያቱን ዘረዘረላት። አራቱን ክፍሎች የሚቆጣጠረው ከውጭ የመጣ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ሠራተኞቹ «ሳጥኑ» ይሉታል። የሳጥኑን ፕሮግራም የሚጽፈው ቢሌ ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ ቢሌና ዓብዲ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተጯጩኸዋል። ሌሊቱን ቤቴ ነበርኩ ይላል፤ ምስክሩ ሚስቱ ናት። አስቦበት ሰው የገደለ ሰው ሐረር ላይ የሚጠብቀው ገመድ እንደሆነም ሻምበሉ አልደበቀም።

ቀመር ሳጥኑን ልየው አለች። አይቻልም። ሻምበሉ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ፣ ክፍሉን ቆልፎ፣ በሩን በቀይ ሰም አሽጎታል።

«ለምን ነቀሉት?»

«ሌላ ሰው እንዳይገድል።»

ቀመር ወደ ክፍሎቹ ሄደች። እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዳት ከመጀመር ግመሎቹ ይሻሉ ነበር።

ጥገናውን የሚመራውን ዒልሚን ሦስተኛውን ክፍል በእጁ ሲያስነሳና ሲያጠፋ አገኘችው። ሳጥኑ ከተነቀለ ወዲህ ቴርሞሜትር እያየ ኮምፕሬሰሩን ራሱ ማዘዝ ነበረበት። ጣልያን አገር የተማረ፣ ረጅም፣ ንዴቱን ሲጋራው ላይ የሚወጣ ሰው ነው። መቀርቀሪያውን ማንም ሊጥለው ይችል እንደነበር አልካደም። የውስጡ እጀታ ለምን እንደማይሠራ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

«ተሰብሯል። ዕቃው ከሚላኖ ይመጣል ተባለ። አቦ፣ እኔ ሚላኖ ነኝ?»

«ኢንጂነሩን ትወደው ነበር?»

«አልወደውም። አንቺ አለቃሽን ትወጂዋለሽ?»

የኢንሹራንስ አለቃዋ ፊት ድቅን አለባትና ጥያቄውን አለፈችው። ክፍሎቹ የሚታዘዙበትን ቁጥር ማን ማን እንደሚያስገባ ጠየቀች። ዒልሚ የሥጋዎቹን እኔና ቢሌ፣ የፍራፍሬዎቹን ሰማታር አለ። ቁጥሩ የሚገባው በሳጥኑ ፊት ባሉት አሥራ ሁለት ማብሪያዎች ነው፤ ከእያንዳንዱ በላይ አንድ መብራት አለ። መብራቶቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በአራት ቡድን ተከፍለዋል።

«ከዜሮ በታች አምስትን እንዴት ነው የምትነግረው?» አለችው።

ዒልሚ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የብረቱ በር ላይ አሥራ ሁለት ክብ ሣለ። መጀመሪያ በቀኝ ጫፍ ያለውን ቡድን አሳያት። በአንድ ቡድን ውስጥ የግራዋ መብራት አራት፣ የመካከሏ ሁለት፣ የቀኟ አንድ ናት፤ ስለዚህ አምስት ማለት የግራዋና የቀኟ ሲበሩ ነው። ከዚያ ሁሉንም ገለበጣቸው፤ የበሩትን አጠፋ፣ የጠፉትን አበራ።

«አለቀ። ከዜሮ በታች አምስት።»

«ቢሌም እንዲህ ነው የሚያደርገው?»

«ቢሌ ከገለበጥክ በኋላ አንድ ጨምር እያለ ነፍሴን ያወጣታል። የተማርኩበት ማሽን አንድ ጨምር አይልም። እኔ የሞላሁት ክፍል በአንድ ዲግሪ ይበርዳል፤ እና? በአንድ ዲግሪ የከሰሰኝ ሥጋ የለም።»

ጠመኔውን ወደ ኪሱ መልሶ ወደ ቴርሞሜትሩ ሮጠ።

የፍራፍሬ ክፍሎቹ ኃላፊ ሰማታር ግን ጊዜ ነበረው። ሸሚዙ ነጭ፣ ጢሙ በሄና የቀላ፣ ሰው ሁሉ «አዴሮ»፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራው የተከበረ ሰው ነው። ቀመርን በወንበር አስቀመጠ፣ ብርቱካን አስላጠላት፣ አባቷን በመጋላ ገበያ እንደሚያውቀው ነገራት፣ ለዓብዲ ነፍስ ዱዓ አደረገ። እስኪጨርስ ድረስ ቀመር እግሯን ታወዛውዝ ነበር። ዋዜማውን እንዴት እንዳሳለፈ ስትጠይቀው፣ እንደ ሁልጊዜው ዘግይተው ከወጡት አንዱ እንደነበር፣ ዓብዲን ግን እንዳላየው አስረዳ። በማግስቱ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ሊመጣ አስቦ ነበር፤ መቼም በሮቹን ጠዋት የሚከፍተው እሱ ነው። የሞተሩ ጭስ ቀደመው።

«ሳጥኑን ትነካዋለህ፣ አዴሮ?»

«በየጠዋቱ እንጂ። ቢሌ አስተምሮኛል፤ ለሽማግሌ አይከብድም። ለብርቱካን አራት፣ ለማንጎ አሥር፣ ለሙዝ አሥራ ሦስት። ከዜሮ በታች ያለው የልጆቹ ነው፤ ነክቼው አላውቅም።»

አንደኛውን ክፍል አሳያት። ከኤረር የመጣ ብርቱካን በሣጥን በሣጥን ተደርድሯል፤ ቅዝቃዜው ደስ ይላል። ሁለተኛው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ግን ብዙም ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ቀመር ራሷ ከፈተችው። ሙዙ እስከ ክፍሉ ወገብ ድረስ ተከምሯል፤ ልጣጩ ጠቁሯል። የግድግዳው ቴርሞሜትር አራት ዲግሪ ይላል።

«አሥራ ሦስት አላልክም?»

ሰማታር ራሱን ነቀነቀ። አሥራ ሦስት አስገብቶ ሳጥኑ አራት እንደሚያደርገው፣ ለዓብዲም ስንት ጊዜ አቤት እንዳለ፣ ልጆቹ የሚጽፉት ነገር እንደማይታመን በዝግታ ተረከላት። ከሙዙ ጀርባ ምን እንዳለ ስትጠይቅ ደግሞ ሌላ ሙዝ አለ። በሩን ዘጋና ለመንገድ አንድ ብርቱካን ጨመረላት።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ደረጃውን ይዛ ተቀምጣለች። ፖሊሶቹ እየተራመዷት ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የቢሌ ሚስት ኹርሲ ናት። ቀመር ማን እንደሆነች ስትሰማ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺ ነሽ ለሞተሩ የመጣሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለሞተር ሰው ይላካል። ለባሌ ማንም አልመጣም።»

ቀመር አልፋት ገባች።

ቢሌ ሃያዎቹን ያላጋመሰ፣ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነው። ከፍርሃት ይልቅ እልህ ይዞታል፤ ማንም ጥያቄውን በትክክል አልጠየቀውም። ቀመር ስለ ጠቡ ጀመረች። ጠቡ በሙዙ የተነሳ ነበር። ሰማታር ሳጥኑ ተሳስቷል ብሎ አቤት ሲል ዓብዲ ቢሌን በሰው ፊት ሰደበው። ቢሌም ሳጥኑ የታዘዘውን እንጂ ሌላ እንደማያደርግ ማለ፤ ካላመንከኝ ሁለተኛው ክፍል ገብተህ ራስህ እይ አለው።

«ገብቶ አየ?»

«በነጋታው ገባ። ሲወጣ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሌላ ምንም አልነገረኝም።»

«አሁን ስለ ሳጥኑ ንገረኝ። ሂሳብ ተምሬያለሁ፤ አትፍራ፣ ግን አሳጥረው።»

ቢሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ሳጥኑ ቁጥር አያውቅም» አለ። «የሚያውቀው የበራና የጠፋ ነው። አሥራ ሁለቱም መብራት ሲበሩ፣ ብዛት ነው ብለሽ ካነበብሽው አራት ሺህ ዘጠና አምስት ነው። ያንኑ ረድፍ ከዜሮ በታች አንድ ነው ብለሽም ልታነቢው ትችያለሽ። መብራቶቹ አልተለወጡም። የሚወስነው የማዘው ትእዛዝ ነው። እኔ አሴምብሊ በሚባለው የራሱ ቋንቋ አንድ በአንድ ነው የምጽፍለት፤ የክፍሉን ሙቀት አንሣ፣ የታዘዘውን ቀንስበት፣ የግራዋ ጫፍ መብራት ካልበራች አቀዝቅዝ፣ ከበራች አቁም።»

«የግራዋ ጫፍ ከበራች ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው።»

«አዎ። ይህን ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ለዘበኞቹ ሳይቀር። በፍራፍሬ ክፍሎቹ የግራዋን በርታ ካያችሁ ጥሩኝ ብያለሁ።»

«ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ማስገባትስ ለማን አስተማርክ?»

«ለዒልሚ። እሱም አንዷን ይረሳል። ለሌላ ሰው ምን ይሠራለታል?»

እሱ ማታ ከሥራ ሲወጣ አራተኛው ክፍል ስድስት ዲግሪ ላይ እንደነበር፣ ወደ ብርዱ የሚመልሰውም ጠዋት እንደነበር ነገራት። ቀመር የቀረውን አንድ ጥያቄ የያዘችው መልሱን ስለፈራችው ነው። ሻምበሉ ሳጥኑን ነቅሎታል፤ ገዳዩ ያስገባው ቁጥር አብሮ ጠፍቶ ይሆን?

ቢሌ ሳቀ። ሳቁ ግን ደስታ የለበትም።

«አይጠፋም። የሚይዘው በጥቃቅን የብረት ቀለበቶች ነው፤ ኤሌክትሪክ ቢሄድም እንዳሉ ይቆያሉ። ለሻምበሉ ደጋግሜ ነገርኩት። ዝም በል አለኝ።»

ሻምበሉ ለቀመርም ያው ነበር። ሰሙ የሚሰበረው በዐቃቤ ሕግ ትእዛዝ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሐረር ነው፤ ሐረር የሚሄደው መኪና ቢሌን ይዞ ነው። ቢሌ ከሄደ ደግሞ ሳጥኑን የሚያስነሳ የለም። ቀመር ይህን ክብ ሁለት ጊዜ አብራው ዞረች። ስለ ቀለበቶቹ ስታስረዳው መሐረቡን አጠፈ፤ ቢሌን ስለሚጠብቀው ገመድ ስትነግረው ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ማስረዳቱን ትታ የሥራዋን ቋንቋ ያዘች።

«ሻምበል፣ ሦስተኛው ክፍል ሥጋ ሞልቶታል። ዒልሚ በእጁ ይዞት እስከ ማታ አይዘልቅም። የእኔ መሥሪያ ቤት በፖሊስ ትእዛዝ ለተበላሸ ሥጋ አይከፍልም። ኩባንያው ክፍያውን ከማን እንደሚጠይቅ ያውቁታል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።»

ሻምበል ዲሪዬ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ሥጋውን ለማዳን ብቻ ነው» አለ።

«ለሥጋው ብቻ» አለች።

ሰሙ ሲሰበር የሳጥኑ ክፍል እንደ ምድጃ ይነድ ነበር። ቀመር ሰው ሁሉ እንዲገባ ጠየቀች፤ ሻምበሉ ሥጋን ለማዳን ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል ቢልም አልከለከለም። አቶ ኢስሃቅ በር ላይ በጋዜጣ ያራግባል፣ ዒልሚ ግድግዳ ተደግፏል፣ ሰማታር ብቸኛዋን ወንበር አግኝቶ ተቀምጧል። ቢሌ እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ። ኹርሲም ከመኪናው ኋላ በእግሯ ተከትላ ደርሳ መስኮቱ ሥር ቆማለች።

«አስነሣው» አለችው ቀመር። «ምንም አትቀይር። ለአራተኛው ክፍል የታዘዘውን ቁጥር ብቻ አሳየን።»

ቢሌ በታሰሩ እጆቹ ማብሪያዎቹን አነካካ። ረድፉ ጨለመና እንደገና በራ። ከአሥራ ሁለቱ የበሩት ሦስት መብራቶች ብቻ ናቸው፤ አንዷ በግራ ጫፍ፣ ሁለቱ በቀኝ በኩል።

ቢሌ ፊቱ ተለወጠ። ዒልሚ ከግድግዳው ተነቅሎ ቀረበና አየ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?» አለ። «ይሄ እኮ ምንም ማለት አይደለም።»

«ምን ማለት እንደሆነ እነግራችኋለሁ» አለች ቀመር። «አንዴ ነው የምናገረው፤ ሙቀቱን አልቻልኩትም።»

ጣቷን በስተቀኝ ባሉት ሁለት ቡድኖች ላይ አደረገች። በመጨረሻው ቡድን የመካከሏ በርታለች፤ ሁለት ማለት ነው። ከእሱ በፊት ባለውም የመካከሏ በርታለች፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ በስምንት ይባዛል፤ ሁለት ስምንት። ሁለት ስምንትና ሁለት አሥራ ስምንት ነው። አሥራ ስምንት ደግሞ የአራተኛው ክፍል የዘወትር ቁጥር ነው። ከዚያ ጣቷ ወደ ግራ ጫፍ ተሻገረ፤ ይህችን መብራት ያበራት ሰው «ከዜሮ በታች» ሊል ፈልጓል።

«ስለዚህ ገዳዩ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነው ያዘዘው። ለምን? ጠዋት ሲታይ ክፍሉ በወትሮው ቁጥሩ እንዲገኝ። ገዳዩ ማልዶ መጥቶ መቀርቀሪያውን ያነሣል። ከዚያ አንድ ሰው ዓብዲ ውስጥ መኖሩን ሳያውቅ ክፍሉን ወደ ሥራው መለሰው፣ እጀታውም ስለተሰበረ መውጣት አቃተው ይባላል። አደጋ ነው። እናንተም ታምኑት ነበር።»

«ታዲያ ሞተሩ ለምን ነደደ?» አለ ሻምበሉ። ሥጋውን ረስቶታል።

«ሳጥኑ እንደ ገዳዩ ስለማያነብ። ቢሌ፣ ይህን ረድፍ ምን ብሎ ያነበዋል?»

«ከዜሮ በታች ሁለት ሺህ ሠላሳ» አለ ቢሌ በቀስታ።

አቶ ኢስሃቅ ማራገቡን አቆመ።

«እንዲህ ያለ ብርድ በሰማይም በምድርም የለም» አለች ቀመር። «ሳጥኑ ግን ይህን አያውቅም። ታዝዟል፤ ገና አልደረስኩም እያለ ሞተሩን እስኪነድ ነዳው። ዘበኞቹን የጠራቸው ይህ ስሕተት ነው። ስሕተቱ ባይኖር መቀርቀሪያውን ማንም አያይም ነበር። ስለዚህ የምንፈልገው ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው ነው። ቢሌ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንትን ሲጽፍ ይገለብጥና አንድ ይጨምራል፤ ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ይበራሉ። ክፍሉ አሥራ ስምንት ላይ ይቆማል። ዒልሚ ይገለብጥና አንዱን ይረሳል። ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይቆማል። በሁለቱም እጅ ሞተሩ አይነድም።»

ሰማታር በወንበሩ ላይ ወደፊት ጎንበስ አለ። ድምፁ እንደ ጠዋቱ ለስላሳ ነው።

«ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ብልጦች ናቸው። አንዳቸው አውቀው አሳስተውት ቢሆንስ?»

«ገዳዩ የሚፈልገው ጸጥታ ነበር፣ አዴሮ። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው አውቆ ሞተር አቃጥሎ ዘበኛ አይጠራም። እሺ፣ ሁለቱ ወጡ። አቶ ኢስሃቅስ? አሥራ ስምንትን አስገባ ብትሉት ‹ስምንት› የሚል ማብሪያ ሲፈልግ ነው የሚያድረው፤ እዚህ ከአንድ ቡድን ከሰባት በላይ አይወጣም። ዘበኞቹም እንደዚያው። የግራዋ መብራት ምን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። በስምንት መቁጠርን ግን ሁሉም አያውቅም። ይህን የጻፈው ሰው ከዜሮ በላይ ያለውን አንዲት ሳያሳስት መጻፍ ለምዷል፤ ከዜሮ በታች ግን በሕይወቱ ጽፎ አያውቅም። ያየውን ብቻ ነው የደገመው። ይህን ጠዋት ‹ነክቼው አላውቅም› ብሎ ራሱ ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት። እውነቱን ነበር።»

ማንም ወደ ወንበሩ አልዞረም፤ መዞር አላስፈለገም።

«ምን አደረገኝ ዓብዲ?» አለ ሰማታር።

«ሁለተኛው ክፍል ገባ። ሙዝ በአራት ዲግሪ ይጠቁራል፤ የአንተን ያህል ዓመት ፍራፍሬ የያዘ ሰው ይህን አይስተውም። ሳጥኑ ብርቱካኑን በአራት በደንብ ይጠብቃል፣ ማንጎውን በአሥር ይጠብቃል፣ ሙዙን ብቻ ሊበድል አይችልም። አራትን ያስገባኸው አንተ ነህ። ከሙዙ ጀርባ ያለው ነገር አራት ይፈልጋል። ሻምበል፣ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ መጥቶ በብርድ ካልተቀመጠ የሚበላሽ ምን አለ?»

ሻምበሉ የድሬዳዋ ፖሊስ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ አላስፈለገውም።

«መድኃኒት» አለ። «መርፌ።»

ሁለት ፖሊሶች ላከ። ሰማታር ጢሙን ይዞ መብራቶቹን ይመለከታል። አልተነሣም፣ አልሸሸም። ያበሸቀው መያዙ ሳይሆን ሦስቱ መብራቶች ይመስሉ ነበር። ድንገት ወደ ቢሌ ዞረ፤ ልስላሴው ሁሉ ከድምፁ ወጥቷል።

«የግራዋ ስትበራ ከዜሮ በታች ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

ቢሌ በታሰሩ እጆቹ አገጩን አሸት አድርጎ መለሰለት።

«ስታያት ነው ያልኩህ፣ አዴሮ። አስገባት አላልኩህም።»

ሻምበል ዲሪዬ ይህን ሰምቶ መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተ። ፖሊሶቹም በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶን ተሸክመው መጡ፤ በሙዝ ፈሳሽ ጠቁሯል፣ ውስጡ ትናንሽ ጠርሙሶች ናቸው። ሰማታር ከዚያ በኋላ የተናገረው ጥቂት ነው። ዓብዲ ካርቶኖቹን አግኝቶ እስከ ጠዋት ጊዜ ሰጥቶት ነበር። ራስህ ሄደህ ለፖሊስ ተናገር፣ የልጆችህን ስም እኔ አላጠፋም ብሎታል። ይህን ሲናገር ሰማታር በሟቹ የዋህነት የተናደደ ይመስል ነበር።

ካቴናው ከቢሌ እጅ ወደ ሰማታር እጅ ተሻገረ። ኹርሲ በመስኮቱ በኩል እጇን አስገብታ የባሏን ክንድ ያዘች። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። ሻምበሉ ቢሌ ወደ ሐረር መውጣቱ እንደማይቀር አስታወቀ። ትእዛዙ በስሙ ተጽፎ ተላልፏል፤ የሚሰርዘው ዳኛው ነው።

«ገዳዩ አጠገብዎ ቆሟል» አለች ቀመር።

«አውቃለሁ። እሱንም እወስደዋለሁ። የቢሌን ወረቀት ግን እኔ መቅደድ አልችልም።»

ቀመር በዩኒቨርሲቲ ከተማረችው ቃል ሁሉ ለዚህ የሚሆን ፈልጋ ጨዋ የሆነ አጣች። ደጅ ሲወጡ ኹርሲ ማንንም ሳትጠይቅ ላንድሮቨሩ ላይ ወጥታ ቢሌ አጠገብ ተቀመጠች። አንዱ ፖሊስ ውረጂ አላት። ሆዷን ይዛ አየችው፤ እሱም ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ።

«ዳኛው ስለ ኮምፒዩተር ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች ቀመር።

«ዳኛው መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ አያውቁም» አለ ሻምበሉ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ሊያስረዳቸው ነው?»

ሻምበል ዲሪዬ የፊተኛውን በር ከፈተላት። ቀመር ቢሮዋን አሰበች፣ አለቃዋን አሰበች፣ ገባች። መኪናው ወደ ደንገጎ ዳገት ሲዞር ለዳኛው ከየት እንደምትጀምርላቸው ለራሷ ስትለማመድ ድምፅዋ ሳይታወቃት ከፍ ብሎ ነበር። ኹርሲ ከኋላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«እንዲህ ከጮኽሽባቸው አይገባቸውም» አለች። «መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። ሲገባኝ እነግርሻለሁ።»

ቀመር ወደ ኋላ ዞራ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች። «ሳጥኑ ቁጥር አያውቅም።»